ዞሮ የሚመለስ ሽቦ

ነቀምቴ፣ ጨለለቂ
ኅዳር 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ለአያ ውብሸት በኃይሉ፣

ብርዱ ሳይበረታብህ፣ ጤናህ ሳይጓደል፣ ሥራህም ሳይከብድህ ይህ ደብዳቤ ይድረስህ። እኛ በመድኃኔ ዓለም ፈቃድ ደህና ነን። አባትህም ደህና ነው። ጆሮው ግን እንደምታውቀው በስልክ የሚባለውን አይይዝለትም። «ሀሎ ሀሎ ስንባባል ካርዱ ያልቃል፤ የልጄን ነገር በጽሑፍ አድርጉትና አንቺ ደጋግመሽ አንብቢልኝ» ብሏል። ስለዚህ ከእንግዲህ እየጻፍኩ፣ ፎቶ እያነሳሁ፣ ኔትወርክ በፈቀደ ጊዜ እልክልሃለሁ። አንተም በእጅህ ጻፍ። ባለፈው የላክኸውን ሳነብለት፣ ፊደል ባይለይም ጽሕፈትህን በስልኩ መስታወት ላይ በጣቱ እየተከተለ ነው የሰማው።

ቤቱ ቆርቆሮ ለብሷል። የወሎውን ጎጆ በድርቁ ዘመን፣ የኪራሙን ቤት በጸጥታው ምክንያት ትቶ ለወጣ ሰው ይህ ሦስተኛ ቤቱ ነው። ከኪራሙ ከወጣን ወዲህ በሰው ቤት ስንከራተት ኖረን፣ አሁን የቀረን ልስንና መብራት ብቻ ነው። መብራት የሚዘረጋልን ጂሩ የሚባል የሰፈራችን ልጅ ነው። እኔን እያየ «ልጅዎ ናት?» ብሎ አብዬን ቢጠይቀው፣ «የወንድሜ ልጅ ናት። የወለድኩት እንግሊዝ አገር ነው ያለው፤ ይቺ ግን ቁጣዬን የምትችለዋ ናት» አለው። እኔም አጎቴ መሆኑን የማስታውሰው ሰው ሲጠይቀኝ ብቻ ነው።

ጂሩ ሶኬት የት የት እንደምንፈልግ ጠየቀን። እኔ ለስፌት መኪናዬና ለካውያዬ በመስኮቱ በኩል አልኩ። አብዬ «ለእኔ አልጋዬ ራስጌ፣ ተኝቼ እጄ የሚደርስበት፤ ለሬዲዮኔ» አለ። ጂሩም ፍራሹን ባልተለሰነው ክፍል ውስጥ አስነጥፎ አጋደመው። አብዬ ዓይኑን ጨፍኖ እጁን ዘረጋ። ጣቱ የነካው ብሎኬት ላይ ጂሩ በከሰል ምልክት አደረገ።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሕልሙን ነገረኝ። የኪራሙ ቤታችን እንዳለ ነው፤ ማንጎውም ከነጥላው። መብራት ገብቶልናል፤ ግን አምፖል የለም። ብርሃኑ በበሩ ይገባል፣ ጓዳውን ያያል፣ ከብቶቹን ያያል፣ ዞሮ በዚያው በር ይወጣል። «ከዚያስ አብዬ?» ብለው «ከዚያማ ሽንቴ መጣና ነቃሁ» አለኝ። ለበጎ ያድርገው አልኩት።

«ልጄ በእንግሊዝ አገር የዚሁ ሥራ ሰው ነው፤ እሱ ሳይመክር ሽቦ አይገባም» ብሎ ለሰፈሩ ሁሉ አውጇልና ምከረን።

ናፋቂ እህትህ
ማሬ

•

በርሚንግሃም
ታኅሣሥ 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ለማሬ፣

አንቺንም አብዬንም፣ አዲሱን ቤትም እግዚአብሔር ይጠብቅልኝ። እኔ ካገራችን ፀሐይ በቀር የጎደለኝ የለም። እዚህ ከቀትር ትንሽ እልፍ ሲል ጨለማ ነው።

አብዬ ባለሙያ አድርጎ ያወጀኝ እኔ አብዛኛውን ቀን የአለቃዬን መሰላል ይዤ እቆማለሁ። ቢሆንም ያየሁትን ልንገርሽ። እዚህ አገር የሶኬት ሽቦ እንደ ቀለበት ነው የሚዘረጋው። ከማከፋፈያው ሳጥን ይነሳና ሳሎን ይገባል፤ ከሳሎን ወደ መኝታ፣ ከመኝታ ወደ ኩሽና፣ ሶኬቱን ሁሉ እየነካ ይዞርና ወደ ተነሳበት ብሬከር ይመለሳል። ስለዚህ የትኛውም ሶኬት ኤሌክትሪኩ ከሁለት ወገን ይደርሰዋል። ከትልቁ ጦርነት በኋላ መዳብ ሲያጥራቸው ያመጡት ዘዴ ነው ይላል አለቃዬ። እኛ አገር የለመድነው ግን ከሳጥኑ ወጥቶ፣ መጨረሻው ክፍል ላይ ደርሶ እዚያው የሚያበቃውን ነው።

ቀለበቱ እንዲሆን እፈልጋለሁ። ለምን ብትዪኝ አንዱ ምክንያት የሙያ ነው፤ ሌላው ግን አብዬ ነው። የእሱ ራስጌ የቤቱ መጨረሻ ላይ ነው። የመጨረሻውን ሶኬት ከምንሰጠው፣ ከሁለት ወገን የሚመጣለትን እንስጠው።

ስለ ሕልሙ ብዙ አሰብኩ። ማንጎው እስከ ቆርቆሮው ደርሶ ነበር? ጠይቂልኝ።

ወንድምሽ
ውብሸት

•

ነቀምቴ
ጥር 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአያ ውብሸት፣

እንኳን ለጌታችን ልደት በሰላም አደረሰህ። ዘግይቼ ብጽፍም ምርቃቱ አልዘገየም፤ አብዬ በየማለዳው ወደምታድርበት አቅጣጫ ፊቱን አዙሮ ይመርቅሃል። አቅጣጫውን ግን በምን እንዳወቀው እንጃ። አንድ ቀን ወደ ኪራሙ ወደሚወስደው የኡኬ መንገድ ዞሮ ሲመርቅ አግኝቼው ስቄበታለሁ።

ምክርህን ለጂሩ አነበብኩለት። መሰርሰሪያውን አስቀምጦ ሰማኝና እንዲህ አለ፦

«ኦቦሌቲ ኮ፣ እህቴ፣ ወንድምሽ ያለው እውነት ነው። ግን እዚያ አገር በየመሰኪያው ውስጥ ፊውዝ አለ፤ እኛ ጋ የለም። ደግሞ ስሚኝ። የእኛው ሄዶ ቀሪው ሽቦ ሲበጠስ፣ ከተበጠሰበት ወዲያ ያለው ይጠፋል። ‹ጂሩ ድረስ› ትይኛለሽ፤ እመጣለሁ። ቀለበቱ ሲበጠስ ግን ሁሉም ይበራል። ካውያሽ ይሠራል፣ ሬዲዮኑ ያወራል። ማንም ማንንም አይጠራም። አንዱ ወገን የሁለቱን ሸክም ይዞ ግድግዳ ውስጥ እየጋለ ይኖራል። እኔ የሚያስፈራኝ እሱ ነው።»

አብዬ በርጩማው ላይ ተቀምጦ በትሩን እያሽከረከረ ነበር። የሰማን አልመሰለኝም።

«ሽቦው ወጥቶ፣ ዞሮ ዞሮ፣ ወደ ቤቱ ይመለሳል ነው የሚለው ልጄ?» አለ።

«አዎ አብዬ» አልኩት።

«እሱስ?» አለ።

እኔ ወደ ደብዳቤው አጎነበስኩ፤ ጂሩ መሰርሰሪያውን አነሳ። አብዬም «በሉ የልጄ ይሁን» አለ። ጂሩ እኔን አየኝና «ኢሺ አባ ኮ፣ እሺ አባቴ፣ ቀለበት ይሆናል» አለው። ለኩሽናው ምድጃ ግን የራሱ ወፍራም ሽቦ ለብቻው እንዲሄድ ተስማምተናል።

«እሱስ» የሚለውን ጠይቂው ስላለኝ ነው የጻፍኩልህ። ማንጎውን በተመለከተ፣ ከቆርቆሮው አልፏል ይላል። ትንሽ ያስለዋል፤ የልስኑ እርጥበት ነው ብለናል።

አክባሪ እህትህ
ማሬ

•

በርሚንግሃም
የካቲት 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለማሬ እህቴ፣

ሰላምሽ ይብዛ። ሳሉን ሐኪም ይየው፤ እርጥበት ነው ብለሽ አትተዪው።

«እሱስ» ላለው ምን ብዬ ልመልስ? ደብዳቤሽን በአውቶቡስ ላይ አንብቤው መውረጃዬን አልፌ ሄድኩ። መውጫና መግቢያ የሚሆነኝ ወረቀት ገና አልመጣም። ካለ ወረቀት ብወጣ ወደዚህ መመለሻ የለኝም። ለፋሲካ ባይደርስ ለክረምት ይደርሳል በዪው። እንዳላታልለው ደግሞ «ይደርስ ይሆናል» በዪው።

እኔም ሕልም አየሁ። የኪራሙ ቤት ውስጥ ሽቦ እየጎተትኩ እሄዳለሁ። አብዬ በየክፍሉ በር ላይ ቆሟል። ያ ቤት ሁለት ክፍል ብቻ ነበረው፤ በሕልሜ ግን ክፍሉ አያልቅም። በየበሩ ስደርስ «እለፍ፣ እለፍ» ይለኛል። ሽቦው እጄ ላይ ይሞቃል፤ አያቃጥልም፣ እንደ ጥጃ አንገት ነው ሙቀቱ። በመጨረሻ በገባሁበት በር ልወጣ ስል ነቃሁ።

ለጂሩ ንገሪልኝ፤ ፍርሃቱ ልክ ነው። ስለዚህ ሲጨርስ የሽቦውን ሁለት ጫፎች ከብሬከሩ አውጥቶ፣ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው መድረሱን በመሣሪያው ይለካ። አምፖል በራ፣ ሶኬት ሠራ ብሎ አይመን። በየጊዜውም እየመጣ ይለካልን።

አብዬ የሚለውን ሁሉ ጻፊልኝ፣ ቁጣውንም።

ውብሸት

•

ነቀምቴ
ሚያዝያ 10 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ለውብሸት በኃይሉ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የጾሙን ወቅት በሰላም እንዲያስፈጽምህ አምላክን እለምናለሁ። የዘገየሁት ኔትወርክ ጠፍቶብን ነው።

ወደ አዲሱ ቤት ገብተናል። ሽቦው እንዳልከው በቀለበት ተዘርግቷል፤ ጂሩ ሁለቱን ጫፎች ለክቶ ደህና ነው ብሏል። ሁሉም ክፍል ይበራል። እኔም በመስኮቱ በኩል ሆኜ እሰፋለሁ። ጎረቤታችን ድርቤ የቤት ምርቃት ብላ ወተት አምጥታልናለች።

አብዬ ሰላም ይልሃል።

ስለ ወረቀትህ አትጨነቅ። በጊዜው ይሆናል።

እህትህ
ማሬ

•

በርሚንግሃም
ግንቦት 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ለማሬ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሰሽ። ይህን ለአብዬ አንብቢለት።

አብዬ፣ እንዴት ሰነበትህ? ቤቱ ተስማማህ? ሬዲዮንህ ከሶኬቱ ሲሠራ ድምፁ እንደ ድሮው ይንጫጫል ወይስ ጠርቷል? እዚህ አሁን ቀኑ ረዝሟል። ከሥራ ስመለስ ገና ፀሐይ ናት። አንድ መናፈሻ ውስጥ እያለፍኩ አንዱ ዛፍ ሥር ቆሜ ቀረሁ። ማንጎ አይደለም፤ ጥላው ግን እንደዚያ ነው የሚወድቀው። አንተ ከጥላው ውስጥ ሆነህ የምትጠራኝ መሰለኝና «አቤት» አልኩ። ሰዎች ዞረው አዩኝ። ብዙ የምጠይቅህ ነገር ነበረኝ፤ ልጅ ሆኜ ስለ መንገዱ፣ ከወሎ ስለመጣችሁበት መንገድ፣ ሳልጠይቅህ ኖርኩ። ማሬ ታውቅ እንደሆነ ትጻፍልኝ።

ማሬ፣ አንቺ ራስሽ እንዴት ነሽ? ትበያለሽ? ትተኛለሽ? ስለ አንቺ የጻፍሽልኝ የለም። ድርቤ ከአጠገብሽ አትራቅ።

ወንድምሽ
ውብሸት

•

ነቀምቴ
ሰኔ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

አያ ውብሸት፣

እግዚአብሔር ያበርታህ። ዛሬ ሰላምታዬ አጭር ነው። ብቻህን ከሆንክ፣ እባክህ አንድ ያገርህን ሰው ጥራና ከዚያ አንብበው።

ከትናንት ወዲያ ልብስ ስተኩስ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ። ሁሉም ሶኬት ይሠራል፤ ብሬከሩም አልወረደም። ጂሩን ጠራሁት። ዋናውን አጥፍቶ ሁለቱን ጫፎች ከሳጥኑ አወጣ፣ ለካ። «ከዚህ ይሄዳል፤ በዚያ ግን አይመጣም። ተበጥሷል» አለ። መቼ እንደሆነ ማን ያውቃል፤ ሁሉ ነገር ሲበራ ከርሟል። ከዚያ በየክፍሉ እየዞረ ሶኬቶቹን ፈታ። አብዬ ክፍል ገባ። እኔ በሩ ላይ ቀረሁ።

የራስጌው ሶኬት አንድ ጥጉ ተሰንጥቋል። ከጀርባው አንዱ ሽቦ ወልቆ ተንጠልጥሏል። ጂሩ ተንበርክኮ ብዙ ጊዜ አየውና «አልጋው ሲወጣ ነው» አለ። አልጋውን ካወጡት አንዱ እሱ ነበር። ጥጉ ግድግዳውን ሲመታ ሰምተናል፤ የዚያን ቀን ግን ሶኬት ማን ያያል?

አያ፣ አብዬ አርፏል። በመጋቢት መጨረሻ፣ ፀሐይ ስትወጣ፣ ሳይጨነቅ። አርባው ወጥቷል።

ሽማግሌዎች «መርዶ በወረቀት አይነገርም። እዚያ ብቻውን ነው፤ ሲያለቅስ ማን ይይዘዋል? ሲመጣ እኛው በማለዳ ደጁ ደርሰን እንነግረዋለን» አሉኝ። ልክ ናቸው ብዬ «ሰላም ይልሃል» ብዬ ጻፍኩልህ። ያንተን የግንቦት ደብዳቤም ወደ ክፍሉ ይዤ ገብቼ፣ ጮክ ብዬ ለባዶው ክፍል አነበብኩት። ከትናንት ወዲያ ግን ጂሩ ያንን ሽቦ በጣቱ ይዞ ሲያሳየኝ፣ የበራ ሁሉ ደህና እንዳልሆነ ገባኝ። አንተ ያለ ሐዘን፣ እኔ ያለ አንተ ሐዘን፣ ቤቱ እየበራ ስንት ጊዜ እንኖራለን? ተቆጣኝ፣ መብትህ ነው።

በአዲሱ ቤት ጥቂት ቀን ተኝቶበታል። እጁን ዘርግቶ ሬዲዮኑን ራሱ ከፈተ። «ማሬ፣ ይህ አሁን የመጣው በየት ነው? በኩሽናው በኩል ነው ወይስ ባንቺ ክፍል?» አለኝ። «በሁለቱም ነው አብዬ» አልኩት። «እንዲያ ከሆነ አንዱ ቢዘገይ አንዱ አለ» አለና ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ።

ጂሩ «ጀባዹ፣ ሂን ቦኢን» ይለኛል፣ በርቺ፣ አታልቅሺ እያለ፤ እሱ ራሱ ግን ያለቅሳል። ሽቦውን እንደገና ላገናኘው ወይ? ብሎ ጠይቆኛል። አንተ ሳትመልስ አልነካውም ብሏል።

ማሬ

•

በርሚንግሃም
ሰኔ 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

እህቴ ማርዬ፣

እግዚአብሔር አንቺን ያጽናሽ። አብዬን ያጠበሽ፣ ያጎረስሽ፣ ዓይኑን የከደንሽ አንቺ ነሽና የመጀመሪያው መጽናናት ላንቺ ይገባል። ምን ብዬ እቆጣሻለሁ?

አውቄዋለሁ፣ ማሬ። የሚያዝያው ደብዳቤሽ በደረሰኝ በዚያው ሳምንት፣ የሥራ ቦርሳዬን ይዤ ልወጣ ስል በሩ ተንኳኳ። እዚህ የሚኖር ያገራችን ሰው፣ ጫንያለው ነው፤ እህቱ ነቀምቴ ትኖራለች፣ እሷ ነግራዋለች። ከቤተ ክርስቲያን ሁለት ትልልቅ ሰዎች ይዞ፣ ጥቁር ለብሰው፣ ዝናብ እየወረደባቸው ደጄ ላይ ቆመዋል። በዚያ ሰዓት ሽማግሌ ደጅህ ሲቆም ሌላ ትርጉም የለውም። ቦርሳዬን ደጃፉ ላይ አስቀመጥኩ። እነሱ ያዙኝ፤ ብቻዬን አላለቀስኩም። ይህን እወቂና ይቅለልሽ።

ከዚያ በኋላ ነው «አብዬ፣ እንዴት ሰነበትህ» ብዬ የጻፍኩት። አንቺን ላለማሳፈር ብዬ ነው ስል ከረምኩ። ደግሞም አንቺ «ሰላም ይልሃል» ብለሽ ስትጽፊ አብዬ ሰላም ብሎኛል። እኔ «ሰላም በዪው» ስል አንቺ ታነቢለታለሽ። አንቺ ከዚያ፣ እኔ ከዚህ፣ ከሁለት ወገን ስናበራው ከረምን። እውነቱን የምናውቅ ሁለታችንም ነን፤ ሸክሙን ግን እያንዳንዳችን ለየብቻ ተሸከምነው። ጂሩ ያኔ የፈራው ይህንኑ ነበር።

ሌላም ልንገርሽ። ወረቀቱ በግንቦት መጀመሪያ ደርሶኛል። ከፖስታው አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጥኩት በኋላ አልነካሁትም። ከመጣሁ አብዬ የለም፤ እዚህ ከቆየሁ በደብዳቤሽ ውስጥ አለ። ስለዚህ ሳልመጣ ቆየሁ። አንቺ ስትነግሪኝ ግን ሁለተኛ ጊዜ አረፈብኝ፤ እንደ መጀመሪያው ጊዜ አለቀስኩ። ጠዋት ስነሳ እግሬ ቀለለኝ።

ለጂሩ እንዲህ በዪው። አያገናኘው። የወለቀውን ጫፍ ከራስጌው ሶኬት ለይቶ ያውጣውና፣ ሳጥኑ ውስጥ ያሉትን ሁለቱን ጫፎች ለየብቻ፣ በየራሳቸው አነስ ያለ ብሬከር ይሰር። አንዱ በኩሽናው በኩል ሄዶ አብዬ ግድግዳ ላይ ያብቃ። ሌላው ባንቺ ክፍል በኩል ሄዶ እዚያው ግድግዳ ላይ፣ ካልጋው ማዶ፣ አዲስ ሶኬት ላይ ያብቃ። እንደ አገራችን ይሁን፤ ሲበጠስ ይጥፋና እንወቅ።

በነሐሴ እመጣለሁ። «ይሆናል» አላልኩም።

ወንድምሽ
ውብሸት

•

ነቀምቴ፣ ጨለለቂ
ሐምሌ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአያ ውብሸት በኃይሉ፣

መንገድህን አምላክ ያቅናልህ። ደብዳቤህን ለሽማግሌዎች አነበብኩላቸው። በእኔ መቆጣት ሲገባቸው በጫንያለው ተቀየሙ፤ «ያለ እኛ እንዴት መርዶ ይነገራል» ብለው። ስትመጣ እንደ አዲስ በማለዳ ደጅህ ሊደርሱ ወስነዋል። አውቃለሁ እንዳትላቸው፤ ተዋቸው ይንገሩህ።

ጂሩ እንዳልከው ሠርቶታል። ቀለበት የለም፤ ሁለት መንገድ ነው፣ ሁለቱም አብዬ ክፍል ያበቃሉ። ትናንት ዝናቡ ሲያጉረመርም የኔ ወገን ጠፋ። ካውያዬ ውኃ ገብቶበት ኖሯል። ወዲያው አወቅን። ጂሩን ጠራሁት፣ መጣ፣ ካውያውን ነቅሎ ብሬከሩን መለሰው። እስኪመጣ ድረስ ግማሹ ቤት ጨልሞ፣ በዚያኛው ወገን ሬዲዮኑ ሲያወራ በሩ ላይ ቁጭ ብዬ ሰማሁ። ጉምና ዝናብ ጨለለቂን ሸፍኗት፣ የጨለመው ክፍል ውስጥ ኪራሙን ያየሁ መሰለኝ። ማንጎውም ነበረ። አላዘንኩም። ወይም አዝኛለሁ፤ ግን የት ጋ እንደሚያመኝ አሁን አውቀዋለሁ።

አልጋውን መልሰን አስገብተነዋል። ጂሩና ድርቤ ናቸው የያዙልኝ፤ ግድግዳውን እንዳይነካ ቀስ ብለን። ጂሩ ሶኬቶቹ ከፍ ይበሉ ወይ ብሎ ጠይቆኝ ነበር። እምቢ አልኩት። ተኝተህ እጅህ የሚደርስበት ላይ ናቸው።

ማሬ